ልብስ ሰፊዋና የማታ ብስክሌቷ

ልብስ ሰፊዋ የብስክሌት ፍቅር የያዛት ሃምሳን ከተሻገረች በኋላ ነው። ልጇ አግብታ ስትወጣ ብስክሌቷን ኮሪደሩ ላይ ትታላት ሄደች፤ እናት ታዲያ በወጣች በገባች ቁጥር ኮርቻውን ዳበስ ሳታደርግ አታልፍም። በቀን ለመንዳት ግን አፈረች።

«በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሲመሽ ነዋ! ማን ያይሻል?» አለቻት አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ።

ከዚያ ወዲህ ዓይን ያዝ ሲያደርግ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ትወጣለች። እህቷም ኮርቻውን ጨብጣ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ከኋላዋ ትሮጣለች። አንድ ምሽት «አደራ እንዳትለቂኝ!» ስትል መልሱ ከሩቅ መጣ።

«ከለቀቅኩሽ ቆየሁ እኮ!»

ልቧ ስንጥቅ አለ። ግን አልወደቀችም። ቁልቁለቱ ይዟት ነጎደ፣ ነፋሱ ቀሚሷን እንደ ጃንጥላ ነፋው፣ የመንገድ መብራቶቹ ባጠገቧ ውልብ ውልብ አሉ። ሳቋ አመለጣት፤ ሰፈሩን በሳቅ አናጋችው። ጎረቤቱ ሁሉ በየመስኮቱ ብቅ ብቅ ሲል ማፈሩን ጭራሽ ረሳችው።

«ማቆሚያው የቱ ነው?» ብላ ጮኸች።

«ፍሬኑን ያዢ! ፍሬኑን!» አሏት ከየመስኮቱ።

ፍሬኑን እስክታገኝ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ደረሰች፤ እዚያ የተከመረው ባዶ ጆንያ ላይ ዘጭ አለች። የዱቄት አቧራው ቡን አለ። ዳቦ ጋጋሪው ደንግጦ ሲወጣ፣ ነጭ በነጭ ሆና በጀርባዋ ተንጋላ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ትስቃለች።

እህቷ እያለከለከች ደረሰች።

«ተጎዳሽ እንዴ?»

«ኧረ በረርኩ! እቴቴ፣ በረርኩ እኮ!»

እህቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ ብስክሌቱን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና «በይ ተነሺና ያዢልኝ፤ ተራው የኔ ነው» አለቻት።