አራት ፓኔል በውርጭ ጠዋት

ደባርቅ ውስጥ ስንቄን የማያውቅ ካለ ሶላር የሌለው ሰው ነው። ሱቋ ከልብስ ስፌት ቤቴ ጋር ግድግዳ ይጋራል። «ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ርካሹ ኮንትሮለር፣ ፓኔሉን በባትሪው ቮልት ልክ አንቆ ይይዘዋል፤ የተረፈው ኃይል ሜዳ ይቀራል» ትላለች። «ደህናው ግን ፓኔሉን በሚያዋጣው ቮልት ያሠራውና ትርፉን ወደ አምፔር ይቀይረዋል።» እኔ ደንቆሮው እንኳ ገብቶኛል።

ወንድሟን ታደለን ጎረቤታቸው ያርጋል በእርሻ ድንበር ጠብ ገደለው። የደረቱን ቁስል በእጇ ደፍና ይዛው ሳለ ነው ያለፈው። በለቅሶው ላይ አልቃሿ «ወንድ ጠፋ ወይ» እያለች የስንቄን አጎት የገዱን ስም ጠራች። ይህ ሙሾ በእኛ አገር ስንቱን አስፈጅቷል! እጠላዋለሁ።

ገዱ ዓመት ጠበቀ። ኅዳር ላይ፣ ያርጋል ከብቱን ሲያወጣ፣ በክላሽ ተኩሶ ደረቱን መታው። አልሞተም፤ ጤና ጣቢያ አደረሱት። መብራት ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል፤ የኦክስጅን ማሽኑ የሚሠራው በሶላር ባትሪ ነው። ነርሷ ሲስተር ኤልሳቤጥ ለስንቄ ደወለች።

«ባትሪው እየሞተብኝ ነው። ደህናውን ኮንትሮለር ይዘሽ ድረሽልኝ። በሽተኛው ያርጋል ነው፤ አልደብቅሽም።»

ስንቄ ስልኩን ዘጋች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ዕቃዋን አንሥታ ወጣች። ቦርሳዋን ተሸክሜ ተከተልኳት።

ገዱ ማሽኑ ጠፍቶ የጀመረው እስኪያልቅ ማንንም ላያስገባ ክላሹን ይዞ የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሟል። ዘበኛው ሸሽቷል።

«የወንድምሽን ገዳይ ልታድኚ? ከገባሽ የታደለ እህት አይደለሽም!»

«አጎቴ፣ ያሳልፉኝ።»

በሰደፍ አፏን መታት። የተሰበረ ጥርሷን ተፍታ፣ በጎኑ አልፋ ጣሪያው ላይ ወጣች።

እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ገመድ አቀብላለሁ። አራቱን ፓኔል አንዱን ካንዱ በተከታታይ አገናኘቻቸው። ቆላ ዛሪማ ቢሆን ምንም አይልም። እኛ ጋ ግን ውርጭ ያደረበት ፓኔል ፀሐይ ሲነካው ቮልቱ ይንራል፤ የአራቱ ተደምሮ ኮንትሮለሩን ያቃጥለዋል። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ቢቃጠል ሰው «ተሳሳተች» ይላል፤ ያርጋል ይሞታል፤ ማንም አያውቅም። አየኋት፤ አየችኝ። አልተናገርኩም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ታደለ ወዳጄ ነበር።

የቀረው ወደ ኮንትሮለሩ መሰካት ብቻ ነበር። ባትሪው አልቆ ማሽኑ ቆሟል፤ ከታች በመስኮቱ የያርጋል ትንፋሽ በደም እየተንተከተከ ይሰማል። የስንቄ እጅ ቆመ።

«ታደለም እንዲህ ነበር ያለው» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰች ገመዱን ነቀለች፤ ቮልቱ እንዲቀንስ ፓኔሎቹን ሁለት ሁለት አድርጋ እንደገና አገናኝታ ሰካችው። ማሽኑ ተነሣ።

ገዱ የማሽኑን ድምፅ ሰማ። ክላሹን ወደ ፓኔሎቹ አነጣጠረ። ስንቄ ፊት ለፊቱ ቆመች። የእኅቱ ልጅ ናት፣ አይተኩስም ብዬ ነበር። ተኮሰ። ጥይቱ ትከሻዋን ሰብሮ አለፈ፤ በመሰላሉ ላይ ደሟ እስከ ክርኔ ወረደብኝ።

ገዱ ታሰረ። ያርጋል ዳነ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ አስከትሎ፣ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ስንቄ ደጅ ተንበረከከ። ድንጋዩን ማውረድ የሚችለው ይቅር ያለ የሟች ወገን ብቻ ነው።

«እኅቴ፣ ነፍሴን ያተረፍሽ አንቺ ነሽ፤ ማሪኝ» አላት።

ቀኝ እጇ ዛሬም አይነሣም። በግራዋ በሩን ደገፍ ብላ ቆመች።

«ልገድልህ ፓኔሎቹን አገናኝቼ ጨርሼ ነበር፤ እወቀው። መግደሉን ተውኩት እንጂ አልማርኩህም።»

ሽማግሌዎቹ ለመኗት፤ መስቀል አውጥተው ማለዷት። ድንጋዩን አልነካችም። ያርጋል ድንጋዩን እንደተሸከመ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።