እንፈራቸዋለን

«አስተማሪሽ ታስፈራራሻለች?» አለኝ ሰውዬው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

እኔ መቼ እንደዚያ አልኩ!

የምማርበት ኮሌጅ ከሜክሲኮና ከኤል ሳልቫዶር በመጣ ተማሪ ተሞልቷል። የእኛ ክፍልማ ከእኔ በቀር ሁሉም ስፓኒሽ ተናጋሪ ነው። ቋንቋቸውን የሚያውቁ አስተማሪ ግን አንዲት ኮሎምቢያዊት ሴትዮ ብቻ ነበሩ። እኔ ስፓኒሽ አልሰማም፤ ቢሆንም እንደ ሰው የሚያናግሩኝ እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ አስተማሪዎች ደንቆሮ የሆንን ይመስል ይጮኹብናል።

የኮሎምቢያዊቷ የሥራ ውል ይታደስ ወይስ ይቅር ለማለት ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ተማሪ መጥቶ ይናገር ተባለ። የክፍሌ ልጆች «የመኖሪያ ወረቀት የለንም፣ እኛን ተዪን» ብለው አቀረቀሩ። የእኔ አፍ መች ያርፋል! ኮሌጅ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ከማጸዳው ሆቴል ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ሄድኩ።

«በክፍሏ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም፤ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ለምንድነው?» አለ የኮሚቴው ሰውዬ።

እኛ ቤት ጨዋ ልጅ «ታላቅ የምትፈራ» ተብላ ነው የምትመሰገነው። ያንን ቃል በእንግሊዝኛ ብፈልግ ያገኘሁት «አፍሬድ» የሚለውን ብቻ ነው። «ሁላችንም በጣም አፍሬድ ነን» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

እስክሪብቶው ሮጠ።

«ኖ፣ ኖ! ጥሩ ፍርሃት ነው!»

«ጥሩ ፍርሃት የሚባል የለም፣ የኔ ቆንጆ» አለችኝ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ።

«እናንተ እግዜርን አትፈሩም እንዴ?»

«ይሄ ኮሌጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አለና ነው ሰውዬው «ታስፈራራሻለች?» ብሎ የጠየቀኝ።

«አያስፈራሩኝም! ሰርዘው!»

«የተናገርሽውን ነው የጻፍኩት።»

«እሳቸውን አባራችሁ ለእነዚህ ልጆች ማን ሊቀር ነው?»

«ሌላ እንቀጥራለን።»

«ስፓኒሽ የሚያውቅ?»

ሰዓቱን አየ። «አመሰግናለሁ፤ ስትወጪ እሷን ጥሪልን።»

መምህሬ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ለብሰው።

«ምን አልሻቸው፣ ልጄ?»

«እንፈራቸዋለን አልኳቸው።»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አይተው ሳቁን ተዉት። ዩኒፎርሜ ላይ የተጣበቀች ክር በጣታቸው አነሱልኝ።

«በይ በሩን ክፈቺልኝ።»

ከፈትኩላቸው። ዓይኔ መሬት ላይ ነበር። ሰውዬው ከጠረጴዛው ማዶ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ሲያይ ታወቀኝ። ቀና ልበል ብል አንገቴ እምቢ አለኝ። ገቡ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።