በእህቱ እጅ ያልተነገረው

ኩማ ወሬኛ ነበር። መስማት ለተሳነው ሰው እንዲህ ሲባል የሚስቅ አይጠፋም፤ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ እትዬ ደብሪቱ አረቄ ቤት ገብቶ ያየው ግን ያውቃል። እንደሱ መስማት ከተሳናቸው ጓደኞቹ ጋር ጓዳ ባለችው ክፍል አራት አምስት ሆነው ከተሰበሰቡ እጁ አያርፍም። የአለቃውን አረማመድ ይራመዳል፤ የባጃጅ ሹፌርና ትራፊክ ሲጨቃጨቁ በአንድ ፊት ሁለቱንም ይሆናል፤ ጓደኞቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ይስቃሉ። ደብሪቱም ከእነሱ ጋር ኖራ ኖራ ምልክቱን ለምዳዋለች። ከቤቱ ውጭ፣ ወረቀት ሳይጽፍና የሰው ከንፈር ላይ ሳያፈጥ የፈለገውን የሚያወራባት አንዲት ቦታ ብትኖር እሷ ቤት ነበረች። መጠጥ መተው የከበደው ግማሹ በዚህ ነው።

ጆሮውን የወሰደው ማጅራት ገትር ነው፤ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ የምልክት ቋንቋ ሲማር፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠው እህቱ ብዙነሽ ደግሞ ከእሱ ተማረች። ከዚያ ወዲያ ቀበሌም ቢሄድ፣ ጤና ጣቢያም ቢሄድ አፉ እሷ ሆነች። አናጢነት ለምዶ ባህል አዳራሽ አካባቢ አቶ ደበሌ እንጨት ቤት ሲቀጠርም ያስማማችው እሷ ናት። የአልጋ ራስጌ ላይ አበባ በመቅረጽ የሚስተካከለው አልነበረም።

በ2001 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ እናታቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሞቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የነበረው አረቄ ከቀብሩ በኋላ የየዕለት ሆነ። ቆይቶ ደግሞ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ መሮ አልይዝ አለ። በዓመቱ የመሰንጠቂያው ማሽን የግራ እጁን የሌባ ጣት ጫፍ ወሰደበት። አቶ ደበሌ ብዙነሽን አስጠሩ።

"ልጄ፣ ንገሪው" አሉ። "ጣት ለዚህ ልጅ ምላሱ ነው። ታክሞ ይምጣ፣ ቦታውን ለማንም አልሰጥም። ሳይታከም ግን ማሽኔን አይነካም።"

ኩማ ራሱን ነቀነቀ። መተው ፈልጓል፤ ምሎ አልቅሷልም። የሚያስጠጣው ግን አንድ ነገር ነበር። ያንን ነገር ለማንም ሰው ቢናገር ለብዙነሽ አይናገርም። ለሐኪም የሚናገርበት አፍ ደግሞ ያለ ብዙነሽ አልነበረውም።

ሆስፒታል ሲሄዱ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ የተቀበላቸው በኃይሉ የሚባል ነርስ ነው። ትዕግሥተኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ረጅም አወራ። አረቄ ጉበትን ምን እንደሚያደርግ፣ በአንድ ጊዜ ማቆም ለምን አደጋ እንዳለው፣ መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ። ብዙነሽ እጇን ሁለቴ ወዝወዝ አድርጋ ጨረሰች።

"ምን አለ?" አላት ኩማ።

"አትጠጣ ነው የሚልህ።"

"ይሄን ሁሉ አውርቶ?"

"ዋናው እሱ ነው።"

ኩማ ሳቀ። በኃይሉም ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። ከዚያ፣ "እስኪ ጠይቂልኝ፤ ምን ትዝ ሲለው ነው መጠጥ የሚያምረው?" አላት።

ጠየቀችው። ኩማ ዓይኑን ከእጇ ላይ አንስቶ ግድግዳው ላይ አሳረፈ። "ምንም" አለ።

"እናታችን ስለሞተች ነው" አለች ብዙነሽ፣ ከራሷ ጨምራ። "በጣም ይወዳት ነበር። እሷ እንኳ ሳትሰቃይ፣ እንቅልፏ ውስጥ ነው ያረፈችው። ያገኛት እሱ ነው።" ይህን ስትናገር እጇ ጭኗ ላይ ነበር። ኩማ ግን "እናት" የምትለዋን ቃል ከከንፈሯ ለቀማት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸው ነበር። ብዙነሽ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። አቶ ደበሌ ጋ ሥራ በቀዘቀዘ ቀን ኩማ ግቢው ውስጥ በርጩማ እየሠራ እናቱን ይጠብቃል። መጥራት አይቻልም። ስለዚህ ብዙነሽ ዘዴ አመጣች፤ ሲባጎ ገዝታ አንዱን ጫፍ አልጋው ላይ አደረገች፣ ሌላውን በመስኮት አውጥታ የኩማ ቁርጭምጭሚት ላይ አሰረች። አንዴ መሳብ ውኃ ነው፤ ሁለቴ መሳብ አገላብጠኝ። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጎረቤት ሲጠይቃቸው፣ "ምን እሆናለሁ፣ በሬዬን ጠምጄዋለሁ" እያሉ ያስቁ ነበር።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድ ጓደኛው በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ "አንድ ብቻ!" አለው። እናቱ ተኝተዋል። ኩማ ሲባጎውን ከእግሩ ፈታ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ጫነና ወጣ። አንዱ መለኪያ አራት ሆነ። ሲመለስ ድንጋዩ አለ፣ ሲባጎው የለም። መስኮቱም ላይ የለም። ሲገባ ሁሉም አልጋው ላይ ነው። እናቱ ስበው ስበው፣ ጭርሱን ስበው ወደ ራሳቸው አስገብተውታል። ደረታቸው ላይ ተከምሯል፤ ጫፉ ጣቶቻቸው መሐል ነው። ሰውነታቸው ቀዝቅዟል።

ኩማ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቆ ሲባጎውን ጠቀለለና ኪሱ ከተተ። እህቱ ጋ ሮጦ፣ "ተኝታ ሳለች ሄደች" አላት። በማግስቱ ለቀስተኛ ግቢውን ሞልቶ ሳለ ሲባጎውን ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር አቃጠለው።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ብዙነሽን እንድትወጣለት ለመናት። በሩ ሲዘጋ ከበኃይሉ ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳ። እስክሪብቶውም እንደ መሮው አልያዝ አለው። ብዙ ሰረዘ፣ ብዙ ጻፈ፣ በመጨረሻ ሰጠው። በኃይሉ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። "እናት" የሚለውን ለየ፤ ሌላው ፊደል ከፊደል ተደራርቦ አልነበብ አለው። እሱ ክፉ ሰው አይደለም። እስከዚያ ቀን ግን የኩማ ቃል ሁሉ የመጣለት በእህቱ በኩል ነበርና አላሰበበትም። በሩን ከፍቶ፣

"እህቴ፣ እስኪ ይችን እይልኝ፤ ምን ማለቱ ነው?" አላት።

ኩማ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አየ። ተነሥቶ ሊደርስበት ሲል ወንበሩ ወደቀ።

ብዙነሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጽሕፈቱን ታውቀዋለች። አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ከዚያ እስከዚያን ቀን አድርጋው እንደማታውቀው፣ ሳታሳጥርና ሳትጨምር አስተረጎመች፤

"'እናቴ ገመዱን ስባለች። እኔ ፈትቼው አረቄ ቤት ነበርኩ። ብዙነሽ አታውቅም።' ነው የሚለው።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፤ ምልክት ግን አትሰጠውም። ሃያ ዓመት መስማት ሳይችል ለኖረው ለኩማ ቤቱ ጸጥ ያለው ያኔ ነው። መድኃኒቱን ትቶ ደብሪቱ ቤት ገባ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠጣል። ጓደኞቹ ትከሻውን ቢመቱትም አይዞርም። በአሥራ አንደኛው ቀን ደብሪቱ መለኪያውን ከፊቱ አነሣች።

"የወደድኩት ወሬህን ነበር" አለችው በእጇ። "ይሄን ዝምተኛ ሰውዬ እኔ አላውቀውም። አልሸጥለትም።"

ታቢታን ያስጠራችው እሷ ናት። ታቢታ የሲዳማ ልጅ ናት፤ አባቷ መስማት የተሳነው ነው፤ እሑድ እሑድ አንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብከት በምልክት ታስተረጉማለች። ኩማ ገና ሲያያት ተኮሳተረ።

"ጴንጤ ልታደርጊኝ ነው?"

"አንተን?" አለች። "አንተ ከገባህ ምእመኑ ይበተንብናል።"

"የምነግርሽን እሑድ ታወሪያለሽ።"

"አባቴን ለሐኪም ሳስተረጉም ነው ያደግኩት። ልጅ መስማት የሌለበትን ሁሉ በስምንት ዓመቴ ሰምቻለሁ። ማንም ከእኔ አልሰማም።"

ማክሰኞ ይዛው ሄደች። በኃይሉ ካርዱን ከማውጣቱ በፊት ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀው፤ ታቢታ አስተረጎመች። ከዚያ ኩማ ተናገረ። አንድ ሰዓት ተኩል እጁ አላረፈም፤ በመሐል ታቢታ ውኃ ለመጠጣት ሁለቴ አስቆመችው። ድንጋዩን፣ ኪሱን፣ እሳቱን፣ ሁሉንም። ሲጨርስ ቀለለኝ አላለም። ጠዋት ሊጠጣ ሲነሣ የሚያየው ያቺን የሲባጎ ክምር እንደሆነ ብቻ ነገራቸው።

ከዚያን ማክሰኞ ጀምሮ ክትትሉን አላቋረጠም። አንዴ በገና ማግስት ወድቆ ተነሣ። ፋሲካ ሲደርስ እጁ መሮ መያዝ ቻለ፤ አቶ ደበሌም መለሱት። ግን ጓደኞቹ የሚሰበሰቡት ዛሬም ደብሪቱ ቤት ነው፤ አረቄ የሌለበት፣ በእጅ የሚወራበት ቤት ከተማው ውስጥ አላገኘም። ታቢታም ያለችው ማክሰኞ ብቻ ነው። ሌላውን ስድስት ቀን ወሬኛው ኩማ ከእንጨት ጋር ይውላል።

ብዙነሽ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅዳ ትከተለዋለች። ውጭ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች እንጂ አትገባም። በኃይሉ አንድ ቀን፣ "ልጥራት?" ብሎ ጠየቀው። ኩማ፣ "ተዋት። የመጣችው እንዳልጠጣ ልትጠብቀኝ ይሁን ልታየኝ፣ እኔም አላውቅም" አለ።

ግንቦት ላይ ነው። ከክትትል ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ብዙነሽ እጇን ከነጠላዋ አወጣች። ስድስት ወር ሙሉ ሳታናግረው ቆይታ ምልክቷ የደነዘዘ መሰለ።

"ስንት ሰዓት ነበር የፈታኸው?"

ኩማ መልሱን መቀነስ ይችል ነበር። ያየው ሰው የለም፤ ጓደኛውም ሰዓት አያስታውስም።

"አራት ሰዓት።"

"የተመለስከውስ?"

"ስምንት ሰዓት።"

ብዙነሽ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ኩማ እስኪወርዱ ድረስ እጆቿን ሲያይ ቆየ፤ ሌላ አልጠየቁትም። ቤት ሲደርሱ የቀጠሮ ካርዱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና የጀመረውን በርጩማ ሊጨርስ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። እስኪመሽ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ቆየ። ደብሪቱ ቤት አልሄደም።