ከምርጫው በኋላ ይነገረው

መርዶው ለንደን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1994፣ በፋሲካ ዕለት ነው። ስልክ የተደወለውም የሰፈሩ ሐበሾች ሽማግሌ ጋሽ ዳኛቸው ቤት ነበር፤ የወንድይራድ እናት እማማ ኤልፍነሽ ደብረ ብርሃን ላይ ዐርፈዋል። ጋሽ ዳኛቸው የወንድይራድን ሚስት አልታየሽን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ጠብቀው ነገሯት።

«በዓመት በዓል መርዶ አይነገርም» አሉ። «ሐሙስ ደግሞ ምርጫው ነው። እሱም ይለፍና ዓርብ ማለዳ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን። አደራ፣ ፊትሽ እንዳያሳብቅ።»

ወንድይራድ በሚኖሩበት ሰፈር፣ ሆሎዌይ ላይ፣ በወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ ስም ለአካባቢው ምክር ቤት፣ ለካውንስል፣ ይወዳደር ነበር። ደርግ የአባቱን ወፍጮ ሲወርስ ገና ልጅ ነው። እናቱ በዚያው ወፍጮ ቤት ተቀጥረው፣ የሰው እህል እያበጠሩ አሳደጉት። የሰው ንብረት አይነካ ብሎ የሚሟገተው ከዚያ ወዲህ ነው። ማታ ማታ ፓርክ ሮያል የሚባል ሰፈር ዳቦ ፋብሪካ ይሠራል፣ ቀን ድምፅ ለመጠየቅ የሰው በር ያንኳኳል።

«ለእማዬ የምደውለው ሳሸንፍ ነው» ይላል። እጁ ወደ ስልኩ በሄደ ቁጥር አልታየሽ ሌላ ሥራ ትፈጥርለታለች።

ያን ሳምንት አብራው በር ለበር ዞረች። ሐበሻው ሁሉ መርዶውን ሰምቷል። «የሀብታም ፓርቲ አሽከር» ትለው የነበረችው ጎረቤታቸው ማሚቱ እንኳ ደረቱ ላይ የሰካውን የፓርቲውን ሰማያዊ ጥብጣብ አቃናችለት።

«ሙሽራ መስለሃል፣ ወንዴ።»

«ትመርጪኛለሽ?»

«አንተን ካልመረጥኩ ማንን ልመርጥ?» አለችና ቶሎ ብላ ገባች።

«አየሽ? ሰዉ ልቡ ተመለሰ» አለ ደረጃውን ሲወርዱ።

«አዎ» አለች አልታየሽ። ፊቷን እንዳያይ ቀድማው ወረደች።

ሐሙስ ተሸነፈ፤ ከሁሉም ኋላ ቀረ። ዓርብ ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። የትናንት ሱፉን እንደለበሰ ከፈተ። ጋሽ ዳኛቸው፣ ማሚቱ፣ ሌሎችም ጥቁር ለብሰው ኮሪደሩን ሞልተውታል።

«ግቡ እንጂ» አለ፣ ለመሳቅ እየሞከረ። «ለካውንስል ወንበር እንዲህ ይለቀሳል እንዴ?»

ዞር ሲል አልታየሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

«እማዬ ናት?»

«በፋሲካ» አሉ ጋሽ ዳኛቸው።

አልጮኸም። ማሚቱን ብዙ አያት።

«ታዲያ ስስቅ ዝም ብላችሁ ታዩኝ ነበር» አለና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

በዓመቱ ካናዳ ገቡ። እዚያም ያንኑ የመሰለ ፓርቲ ውስጥ ገባ፤ ተወዳደረ፣ ቆይቶም ተመረጠ። ነገር ግን ሰው በሩን ከፍቶ ደግ ፊት ካሳየው፣ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ዞሮ የአልታየሽን ፊት ያጠናል።