የሦስት ቀን መድኃኒት

ጫኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ጋር ባምባሲ አጠገብ ወረደ፤ እዚያው አደገ፣ አገባ፣ ገበሬ ሆነ። ገበሬነቱን መንደሩ ያውቀዋል። ዝናቡ ሲቃረብ ጎረቤቶቹ ሰማይ ከማየት ይልቅ የጫኔ በሬዎች መጠመዳቸውን ያያሉ።

አምና ከመኸሩ በኋላ ግን አንድ ጠዋት ጫማ ማድረግ ከበደው። ማንም አልሞተበትም፤ ምንም አልተሰረቀበትም። እንዲሁ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ቀረ።

ጤና ጣቢያ ሲሄድ «ጨጓራዬን» አለ። ደሙ ተመረመረ፤ ወባ የለም። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጠው፤ ምንም አልለወጠለትም። በሦስተኛው ጊዜ፣ በሚያዝያ፣ የገጠመችው ኢንቲሳር የምትባል ነርስ ነበረች፤ የአሶሳ ልጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ። የአእምሮ ሕመምን እዚያው ጤና ጣቢያ ለማከም በቅርቡ ሠልጥናለች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሽ ጫኔ፣ ጨጓራውን እንተወውና፣ እንቅልፍስ?»

«ሌሊት እነቃለሁ። ጣሪያ አያለሁ።»

«ድሮ ምን ነበር ደስ የሚልዎት?»

አርባ ዘጠኝ ዓመት ሲኖር ይህን የጠየቀው ሰው የለም። «ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ» አለ።

«አሁንስ?»

«ድምፅ ነው።»

ራሱን ለመጉዳት አስቦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። «የለም፤ አለመነሣት ነው የሚያምረኝ» አላት። የድብርት ሕመም መሆኑን፣ ስንፍና እንዳልሆነ፣ እንደሚታከምም ነገረችው። የአንድ ወር ኪኒን ሰጠችውና ማታ ማታ አንድ እንዲውጥ፣ በሁለት ሳምንት እንዲመለስ ቀጠረችው።

ባለቤቱ የሺሀረግ የራሷን ቀጠሮ ይዛለች። ሰኔ ሲገባ ጫኔ ካልጠመደ ጎረቤታቸው ይታየው መሬቱን በእኩል ያርሰዋል፤ ምርቱን ይካፈላሉ። «ምን ላድርግ፣ ልጆቼ ይራቡ?» አለችው። በሬዎቹ በሌላ ሰው እጅ ሲወጡ ማየት ከሕመሙ በላይ ያስፈራው ነበር።

ኪኒኑን ሦስት ማታ ዋጠና አቆመ። በዚያ ቆላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የወባን መድኃኒት ነው፤ ሦስት ቀን ይውጣል፣ ያልበዋል፣ ይነሣል። ጫኔ በአራተኛው ቀን ጠዋት መነሣቱን ጠበቀ። አፉ ከመድረቁ በቀር ምንም አልመጣም። እንግዲያው ለእኔ መድኃኒት የለም ማለት ነው አለ በልቡ፤ የተረፈውንም በላስቲክ ጠቅልሎ አኖረው።

በቀጠሮው ቀን የሺሀረግ ባጃጅ ላይ ጭና ወሰደችው። ኢንቲሳር በላስቲኩ ውስጥ የተረፉትን ኪኒኖች ቆጥራ ደነገጠች።

«ሦስት ብቻ?»

«ሦስት ቀን ዋጥኩ። አልተነሣሁም።»

ኢንቲሳር ግንባሯን ያዘች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔም በዚሁ ቆላ ወባ እየያዘኝ ነው ያደግኩት፤ መንገር ነበረብኝ። ይሄኛው ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። አራት ሳምንት፣ ምናልባት ስድስት።»

የሺሀረግ በጣቷ ቆጠረች። «ሲስተር፣ የዘር ጊዜው ያልፈዋል።»

«ያልፈው ይሆናል» አለች ኢንቲሳር።

ጫኔ ቀና ብሎ አያት። ከእሷ በፊት ያከሙት ሁሉ «ቶሎ ይሻልዎታል» ብለው ነበር የሸኙት። ይህች ልጅ አልዋሸችውም። ኪኒኑን የቀጠለው በዚህ ነው።

ሌላም አዘዘችው፤ ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ደርሶ መመለስ፣ ሥራ ሳይነካ።

«በሬ ሳይይዝ ባዶ እጁን ማሳ ለማሳ?» አለች የሺሀረግ። «መንደሩ ምን ይላል?»

«ታሞ ነው በሏቸው። እውነት ነው።»

ሰኔ ገባ፤ ማሽላውን ይታየው ዘራው። ጫኔ በዳር በዳር ተመላለሰ፤ አንዳንድ ቀን ከመንገድ ተመለሰ፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አልወጣም። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሳይነቃ ፀሐይ እስክትወጣ ተኛ። የሺሀረግ ሞቶ እንደሆነ ብላ አፍንጫው ላይ እጇን አስጠጋች።

በሰኔ መጨረሻ ይታየው የጤፉን ማሳ ሲያርስ ጫኔ ዳር ላይ ቆሞ ቆይቶ፣ «ይሄ ትልም ነው ወይስ የእባብ መንገድ?» አለ።

ይታየው በሬዎቹን አቆመ። ከዚህ ሰው ቃል ከሰማ ወራት አልፈዋል። «አዋቂ ከሆንክ ና ያዘዋ» አለው፣ ፈገግታውን እንዳያይበት ፊቱን አዙሮ።

ጫኔ እርፉን ያዘ። አንድ ትልም ሄደና ላብ አጠመቀው፤ እርፉን መልሶ ሰጠው።

«ነገም ና» አለው ይታየው።

«ነገ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለኝ» አለ ጫኔ። «ከነገ ወዲያ።»