በበጋ ያፈሰሰው ጣሪያ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ሱሉልታ ውስጥ፣ በኦቦ ደበላ ቤት ኮርኒስና ቆርቆሮ መካከል ተንበርክኬ አሳለፍኩት። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። በማታ ትምህርት ዲፕሎማ ይዤ ቤት ከሚጠግን ድርጅት በረዳት ቴክኒሻንነት ገና መቀጠሬ ነው።

አለቃዬ ኢንጂነሩ መሰላሉን በአገጩ አሳየኝ። «ወደ ላይ ውጪ። ቀዳዳውን አግኝተሽ ውረጂ።»

ቆርቆሮውን የተሸከመው ሞራሌ ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። ባትሪዬን አጥፍቼ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ጠበቅሁ። ድፍን ጨለማ ነው፤ በጠርዙ በኩል እንኳ ምንም አይታይም። ግን ውሃው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ዝናብ ከቆመ ሰንብቷል። ግራ ገባኝ።

ወርጄ ደብተሬንና ሜትሬን አወጣሁ።

«ኦቦ ደበላ፣ በቅርቡ ቤቱ ላይ የለወጡት ነገር አለ?»

«የለም።»

«መቼ ጀመረ?»

«እንጃ።»

ግድግዳውን ስለካ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ ሜትሩን እንጂ እኔን አላዩም። ቁጥብ ሰዎች ናቸው ብዬ አለፍኩ።

ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝና «ሚስማሩ በደንብ አልተመታም» ብዬ ጻፍኩ። ቆርቆሮውን የመታው ከወላይታ የመጣ ማቴዎስ የሚባል የድርጅቱ አናጢ ነበር። ኢንጂነሩ በሪፖርቴ አሰናበተው።

ማቴዎስ ከድርጅቱ ሲወጣ በር ላይ አገኘኝ። «እህቴ፣ ዝናብ በሌለበት ሚስማሬ ምን አፈሰሰ?»

«ሪፖርቱ ገብቷል» አልኩት።

ሚስማሩ ሁሉ ተቀየረ። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ያንጠባጥባል ተባለ። በተቃውሞው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር የመጨረሻውን ኪሎሜትር በእግሬ ሄድኩ። ወይዘሮ ጫልቱ በሩን ግማሽ ብቻ ከፈቱ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሜትሩ መሬታችንን ሊወስድ ለመጣው ማስተር ፕላን ነው?»

«ኧረ እናቴ፣ እኔ የምፈልገው ሻጋታ ነው።»

«ሻጋታን ደግሞ ማን ይፈልጋል?»

ከውስጥ ኦቦ ደበላ ሳቁ። «ተዪ፣ አስገቢያት። መሬት የሚወስድ ሰው በእግሩ አይመጣም።»

ወይዘሮ ጫልቱ ወደ ጓሮ ወስደው ጣሪያው ከግድግዳው የሚገናኝበትን አሳዩኝ። ለአየር የተተወው ክፍተት ዙሪያውን በጆንያ ተጠቅጥቋል።

«ሰልፈኛው ላይ የሚተኩሱት አስለቃሽ ጭስ በዚህ እየገባ ልጆቹን ሲያፍናቸው ደፈንነው። ያን ቀን ልነግርሽ ነበር፤ ስትለኪ ፈራሁ።»

ያ ድፍን ጨለማ ክፍተቱ መዘጋቱን ያኔውኑ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ከሚበስለው ወጥና ከሰው ትንፋሽ የሚነሳው እንፋሎት በኮርኒሱ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ መውጫ ሲያጣ የሱሉልታ ብርድ ያቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ቀን ቀን ጆንያውን ሊያወጡ፣ ጩኸት ሲሰማ ሊመልሱ ተስማማን። ሞራሌው ቀስ እያለ ደረቀ።

ሌላ ሪፖርት ጻፍኩ። ኢንጂነሩ አንብቦ «ጣሪያው ደርቋል፤ ምን ያጨቃጭቀናል?» አለ።

«የማቴዎስ ስም አልደረቀም» አልኩ።

ሪፖርቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። በማግስቱ ግን «ከመጣ ወደ ሥራው ይግባ» አለኝ። ማቴዎስን ገላን ከተማ፣ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ጭነት ሲያወርድ አገኘሁት። ስህተቱ የእኔ እንደነበር ነገርኩት፤ ኢንጂነሩ ያለውንም አደረስኩ። የተሸከመውን ጆንያ ከትከሻው አወረደ።

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አለ። አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ ሜትር ከማውጣቴ በፊት ለምን እንደመጣሁ እናገራለሁ። ምክንያቱን ካላገኘሁ «አላወቅሁም» ብዬ እጽፋለሁ።