ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ

የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ስሙን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍል ሠራተኞች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው «ቀስታ» ይለዋል። በመሪ ላይ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ ሰው ገጭቶ አያውቅም፤ የገጨው ቢኖር የተሳፋሪውን ትዕግሥት ነው። «ቀስታ ከሆነ የመጣው በእግራችን እንቅደመው» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ይህ ግን ልጁ ከመሞቱ በፊት ነው።

ልጁ አንድ ነበር። የመብራት ሥራ ተምሮ፣ ደመወዝ መብላት በጀመረ በማግሥቱ ልንል እንችላለን፣ ሰው ቤት ጣሪያ ላይ ሽቦ ሲዘረጋ ወደቀ። ሆስፒታል ሲያደርሱት ትንፋሹ ነበር፤ አባትና እናቱ ሲደርሱ አልነበረም። ለቅሶው አልቆ ዘመድ ወዳጁ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ባልና ሚስት ከለቅሶው ባዶ ወንበሮች ጋር ቀሩ። አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር። «ሻዩ ቀርቧል»፣ «እሺ»፣ «በሩን ዘግተኸዋል?»፣ «ዘግቼዋለሁ»፤ ወሬያቸው ይኸው ሆነ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ከሰፈሩ ጫፍ ይሰማ ነበር። አሁን መኪናዋ አንሶላ ለብሳ ጥግ ቆማለች። ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ተወችው። መጀመሪያ ሰሞን እየሄደች ሳያልቅ ትወጣ ነበር፤ በኋላ ጭራሽ ቀረች። እሱ ደግሞ እግሩ ቢሄድም ልቡ አይገባም። ቆሞ ሰው ሲጸልይ ያያል፤ አፉን ለመክፈት ሲል ቃሉ ይጠፋዋል።

የገና በዓል ሲደርስ የቀስታ እህት መጥታ ለመነች። «በእናታችሁ እኛ ጋ ዋሉ። ሁለታችሁ ብቻችሁን እዚህ ተፋጥጣችሁ ልትውሉ ነው?»

«ሰው ፊት መቀመጥ አልችልም እትዬ» አለች ሚስት።

ቀስታም ያን ዕለት በዓሉን የሚሸሽበት ዘዴ አገኘ፤ ስምሪት ክፍል ሄዶ «የበዓሉን ተራ እኔ ልያዘው» አለ። ልጆች ያሏቸው ሾፌሮች ሊስሙት ምንም አልቀራቸውም። የስምሪት ኃላፊው ብቻ ትኩር ብሎ አየውና «አንተ ሰው፣ ቤትህ አይሻልህም?» አለው። «አይሻለኝም» አለ።

የገና ዕለት ማለዳ ተነሥቶ ሲለብስ ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። «እንኳን አደረሰሽ» ሊላት ከንፈሩ ከተከፈተ በኋላ፣ ማን ወዴት አደረሰን ብሎ ዋጠው። በሩን ቀስ ብሎ ገርበብ አድርጎ ወጣ።

ከተማው ጭር ብሏል። ሱቆቹ ተዘግተዋል። ሌሊቱን ያለ ወቅቱ የዘነበው ዝናብ አስፋልቱን አጥቦት ጎማው ሽው ይላል። ደወል ከሩቅ ይሰማል። ጥቂት ሰዎች ተሳፈሩ፣ ጥቂት ወረዱ፤ አንድ ሽማግሌ ሲወርዱ «ቀስታ፣ ዛሬ እንኳ ለበዓሉ ስትል ሦስተኛ ማርሽ አስገባ እንጂ!» አሉት። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ እምቢ አለው።

ዳቦ ቤቱ አጠገብ ካለው ፌርማታ ሲጠጋ ልቡ ስንጥቅ አለ። የልጁን ጃኬት አየ። ኪሱ ላይ የተቃጠለ ቀዳዳ ያለበት ሰማያዊው የሥራ ጃኬት፤ ሌላ ጃኬት ሊሆን አይችልም። ከጃኬቱ በላይ ያለውን ፊት እስኪያይ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ቆየ። ሚስቱ ናት። እሷም መሪው ላይ ማን እንዳለ አላወቀችም ኖሮ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ክው አለች።

«ይህን መስመር ያዝክ እንዴ?» አለችው።

«ለዛሬ ነው። ወዴት ነሽ?»

«መጨረሻ።»

«መጨረሻው ላይ ምን አለ?»

አልፋው ሄዳ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በስፖኪዮው መስታወት ያያታል፤ እሷ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ሌላው ተሳፋሪ አንድ አንድ እያለ ወርዶ አለቀ። ባልና ሚስት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ባዶ ወንበሮች መሐላቸው ተደርድረው፣ ዳገቱን ወጡት።

መጨረሻው ፌርማታ ከተማው የሚያልቅበት ነው። አንድ መጠለያ፣ አንድ የመብራት ምሰሶ፣ ከዚያ ጫካ። የኋላው በር ሲከፈት ወረደችና ወደ ኋላዋ ሳትዞር በቀጭኗ መንገድ ዛፎቹ መሐል ገባች። ቀስታ ዓይኑን ተክሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ቤት የለም፣ ዘመድ የለም። ጫካና ገደል ብቻ ነው። ገደል የሚለው ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ ሲገባ ሞተሩን አጠፋ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ አውቶቡስ ጥሎ መሄድ ከሥራ እንደሚያስባርር እያወቀ ዘሎ ወረደ። ቀስታ ሮጠ።

መንገዱ ጭቃ ነው። ቅጠል ሁሉ ውሃ አዝሎ ትከሻው ላይ ያራግፍበታል። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ትንፋሹ ሊቆረጥ ሲል ሰማያዊውን ጃኬት አየው። መሬት ላይ ነው። ከዚያ ጃኬቱ ተንቀሳቀሰ፤ ቁጭ ብላ ኖሯል።

ከአንድ ትልቅ አለት ሥር ነበረች። ከአለቱ ስንጥቅ ውሃ እየተንጠባጠበ ወርዶ ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ድንጋዩን ለስላሳ አረንጓዴ ነገር አልብሶታል።

«ምን ሆነሃል? ጭቃ በጭቃ ሆነህ!»

«አንቺ ምን ሆነሻል! ልቤን ልታቆሚው ነው እንዴ? እኔ እኮ...» ጨርሶ ሊናገረው አልቻለም።

ገባት። ፊቷ ተለወጠ። «እንደሱ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አልዋሽህም፣ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን እንደሱ ነበር ያሰብኩት። አሁን ግን እንደሱ አይደለም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ያዩኛል» አለች። «ሲያዝኑልኝ ያመኛል። እዚህ ማንም አያየኝም። ብቻዬን ነኝ ብዬ ስቀመጥ ግን ብቻዬን አይደለሁም። ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።»

«እግዚአብሔር ነው ልትዪኝ ነው?» ቁጣው ሳያስበው ገነፈለ። «ልጄ ከጣሪያ ሲወድቅ የት ነበር? ያኔ እዚህ ቁጭ ብሎ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ትመጫለሽ?»

«ስለማላውቅ።»

ዝም ተባባሉ። ይህ ዝምታ ግን የቤቱ ዝምታ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ጆሮው ውስጥ የሚያጉረመርመው ሞተር ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደ። መጀመሪያ ጠብታውን ሰማ። ቀጥሎ ከአለቱ ሥር፣ ከመሬት ውስጥ፣ የሚሄድ ውሃ ሰማ። ፀሐይ ደመናውን ሰንጥቃ ስትወጣ እርጥቡ መሬት ሁሉ ይጨስ ጀመር፤ ጭጋጉ በግንዶቹ መሐል ወደ ላይ ሲነሣ ብርሃኑ እንደ ዓምድ ቆመበት። ሚስቱ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

ማዶ አንዲት ሚዳቋ ቆማለች። ጆሮዋን ወዲያ ወዲህ አለች። አየቻቸው፤ አልሸሸችም። አንገቷን ደፋች፤ ስትጠጣ የውሃው ክብ ክብ እየሰፋ እግራቸው ሥር ደረሰ። ቀስታ መተንፈስ ፈራ። የሥራ ባርኔጣውን መቼ እንዳወለቀ አያውቅም፤ ጉልበቱ ላይ አገኘው። ልጁ በሞተ ዕለት ሰው ሁሉ «አልቅስ፣ ይውጣልህ» ሲለው እምቢ ያለው ዕንባ፣ ማንም ሳይለምነው ወረደ። ድምፅ የለውም። ቁጣው አልሄደም፤ እዚያው ነው፤ ግን ቁጣውን የሚሰማው ያገኘ መሰለው።

ሚዳቋዋ ጠጥታ ስትጨርስ ሳትቸኩል ሄደች።

«‹የልጄ አባት› ነበር የምልህ» አለች ሚስቱ። «አሁን ምን ብዬ ልጥራህ? ያ ነው ያፈነኝ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር እሱ ነው የሚመጣው።»

«እሱኑ በዪኝ» አለ። «ምን አጠፋ? አባቱ አይደለሁ እንዴ?»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እሱም አልከለከላትም።

ስልኩ ሲጮህ ሁለቱም ደነገጡ። የስምሪት ኃላፊው ነው። «አንተ! አውቶቡሱ ሰው አልባ ቆሟል ብለው ደወሉልኝ። የት ነህ?»

«ጫካ ውስጥ።»

«ምን ልትሠራ?»

ቀስታ አሰበ። ምን ይበል? «ከባለቤቴ ጋ ነኝ። መጣሁ» ብሎ ዘጋው። ኃላፊው ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለሰሞኑ መሳቂያ ሆኖ ነበር። ቅጣቱ ግን የቀልድ አልነበረም፤ ከመስመር አውጥተው ጋራዥ አስገቡት፣ የሌሎችን አውቶቡስ እንዲያጥብ። ለምን ጥለህ ሄድክ ብለው ሲጠይቁት የቅጣቱን ወረቀት ሳበው። ፈረመና ወጣ።

ያን ዕለት ማታ ቤታቸው አልደመቀም። ሾርባ አሞቁ፤ ትንሽ ቀመሱ። ሚስቱ ሳህኖቹን አንሥታ ስትመለስ እሱ አሁንም ገበታው ላይ ነበር፤ ስለ ልጁ አንድ ነገር ጀመረ፣ ትንሽ ሳለ ሳሙና በልቶ አፉ አረፋ ሲደፍቅ እንዴት እንደሮጡ። ልትስቅ ብላ ከመሐሉ አቃታት። እሱም አልጨረሰውም። ሌሊት ግን አንዳቸውም ወደ ግድግዳው አልዞሩም።

አሁን የእረፍቱ ቀን ሲደርስ አብረው ይሄዳሉ። አንዳንድ ቀን እሷ «ዛሬስ አልችልም» ብላ ትቀራለች፤ ያኔ ብቻውን ሄዶ አለቱ ሥር ይቀመጣል። ጸሎት አይጸልይም፤ ቃሉ ገና አልተመለሰለትም። አንዳንዴ ይከራከራል፣ አንዳንዴ ይሳደባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጠብታውን ያዳምጣል። ሲመሽ ጭቃውን ከጫማው አራግፎ ሌላ ሾፌር በሚነዳው አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ሾፌሩ ሲፈጥንበትም «ኧረ ቀስ በል ወንድሜ» ይላል።